ቤት ለእንግዳ፣ ቤት ለኪራይ

በአገር ቤት ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ሲል ይጣራል። ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል ድምፅ ይመለስለታል፤ አለዚያም «ቤት ለእንግዳ»። እግሩን ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀምሳል፤ ከምድጃው ዳር ያድራል፤ ሲነጋ መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። ማን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣ መጠየቁ አይቀርለትም። ነገር ግን የሚጠየቀው ከገባና አረፍ ካለ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን «ከገባ በኋላ» የምትለዋን ነገር ልብ በልልኝ። በከተማ ቤት የሚፈልግ ሰው የሚጠየቀው ከመግባቱ በፊት ነውና። ጥያቄው ከምድጃው ዳር ተነሥቶ ወደ በሩ ደጅ የወጣበትን መንገድ ለመከተል ከአዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ከአራዳ የተሻለ ስፍራ አላገኘሁም። ያን ያህል ዓይነቱ የበዛ ሰው፣ በዚያን ያህል ጠባብ ቦታ፣ የሌላውን ሰው ክፍል የለመነበት ሰፈር በአገራችን ብዙ የለምና።

«ኪራይ» እና «ደላላ» የሚሉት ሁለቱም ቃላት ከዐረብኛው ጋር የሚዛመዱ፣ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ይዟቸው የመጣ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። ነጋዴው አጋሰስ ይከራያል፤ መንገደኛው በቅሎ ይከራያል። ለማደሪያና ለመብል ገንዘብ መቀበል ግን ለብዙው ሰው ነውር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ከፍሎ መብላት ያልለመደው መኳንንት ወደዚያ እንዲገባ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ማባበል እንደ ነበረባቸው ይተረካል። ትረካው ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር ጥቂት ሳይሰባ አይቀርም፤ ቢሆንም የሚያስቀው እውነቱ ውስጡ ስላለ ነው።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የኪራይ ከተማ አልነበረችም፤ የሰፈር ከተማ ነበረች። ንጉሡ ለየመኳንንቱ ቦታ መሩ። መኰንኑ ከጉብታው አናት ግቢውን አጠረ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ፈረስ ጠባቂው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል የምንጠራው ያን የጥንት አሰፋፈር ነው። በዚያ ሥርዓት ማደሪያ የሚያገኘው ገንዘብ ያለው ሰው አልነበረም፤ «የማን ሰው ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ነበር። የደጃዝማቹ ሰው ከደጃዝማቹ ግቢ ጥግ ጎጆ አያጣም። የማንም ያልሆነ ሰው አንድ ሌሊት ያድር ይሆናል፤ ሊኖር ግን አይችልም።

ይህን ሥርዓት የሰነጠቀው አራዳ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ ትልቁ ገበያ ይቆም ነበር፤ ገበያ ደግሞ የማንም ሰው ያልሆኑትን ሁሉ ይጠራል። የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት ያመጣቸው ሕንዶች መጡ። አርመኖች፣ ግሪኮች፣ የየመን ዐረቦች መጡ። የጉራጌ ነጋዴ፣ የሐረር ነጋዴ፣ ከሸዋ ገጠር ማርና ቅቤ ይዞ የመጣ ገበሬ፣ ከጌታው የከዳ አሽከር፣ ከባልዋ የሸሸች ሴት መጡ። እነዚህ ሁሉ «የማን ሰው ነህ?» ቢባሉ የሚመልሱት የላቸውም፤ በኪሳቸው ግን ማርያ ቴሬዛ ብር አለ። በ1900 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ አዋጅ የአዲስ አበባን መሬት የሚሸጥና የሚለወጥ ሀብት ካደረገው በኋላ፣ ባለ ቦታዎች በግቢያቸው ዳር ዳር ሱቅና ክፍል እየሠሩ ማከራየት ያዙ። የጌታ ግቢ አጥር ወደ ውጭ በር አወጣ።

ስለ ኪራይ መልካም መናገር ለተከራይ ይከብዳል፤ እኔም ተከራይ ነኝና ይከብደኛል። ሆኖም ኪራይ ወደዚች ከተማ የገባው እንደ ነፃነት ነው። ጌታ የሌለው ሰው ጌታ ሳያበጅ የሚኖርበት የመጀመሪያው ዘዴ ነበር። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት ለነቀፋ ይነገራል። በአራዳ ክፍል የተከራየው ሁሉ ግን በማያውቁት አገር ቁርበት የተነጠፈለት ነው፤ ያ ደግሞ መታደል እንጂ የሚያስነቅፍ አልነበረም።

የበኒን ሰፈርን ነገር ተመልከት። እንደሚነገረው ስሙን ያገኘው ከዓደን ከመጣ በኒን ከሚባል አይሁዳዊ ነጋዴ ነው። በዚያው ሰፈር ያለውን ኑር መስጊድን ሕዝቡ «በኒ መስጊድ» ይለዋል። ከመስጊዱ ጥቂት እንደ ተራመድህ የአርመኖችን ቤተ ክርስቲያን ታገኛለህ፤ እሱም የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ የእኛው ጊዮርጊስ ደግሞ ከላይ ይታያል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ሙት ልጆች፣ «አርባ ልጆች» እየተባሉ የማርሽ ሙዚቃ የነፉባት ከተማ ይህችው ናት።

አራዳን ያቀላቀላት ፍቅር ነው የሚሉ ብዙ ጽሑፎች አንብቤአለሁ። አልስማማም። ያቀላቀላት የክፍል እጦት ነው። ጭቃ ምርጊቱ ከአንድ ግድግዳ የተካፈሉ ሦስት ክፍሎች አሉ፤ በአንዱ ሙስሊም፣ በአንዱ ካቶሊክ፣ በአንዱ ከጎጃም የመጣ ቆሎ ተማሪ ያድራል። ባለቤቱ ይህን ያደረገው አቻችሎ ለመኖር አስቦ አይደለም፤ ሦስቱም በወሩ ስለ ከፈሉ ነው። ፍቅሩ በኋላ መጣ፤ በጋራ ቧንቧ፣ በጋራ ሽንት ቤት፣ አንዱ ሲታመም ሌላው በግድግዳው በኩል ሳሉን እየሰማ። በግድ የመጣ ፍቅር ስለ ሆነ አይናቅም። እንዲያውም ከሰበኩት ፍቅር ይልቅ የቆየው እሱ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ጥያቄው ተለወጠ። «የማን ሰው ነህ?» ቀርቶ የቆዳ ቀለም ዋናው መልስ ሆነ። ትልቁን ገበያ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ወሰደው፤ ነጩና ጥቁሩ በየፊናው እንዲሰፍር ዕቅድ ነደፈ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። «ካዛ» ቤት ነው፤ «ኢንቺስ» የኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞችን የሚያኖረው ተቋም ምሕጻረ ስም ነው። ፖፖላሬም እንዲሁ «የሕዝብ ቤት» ማለት ነው፤ «ሕዝብ» በተባለው ውስጥ ግን ሐበሻው አልተቈጠረም ነበር። በ1933 ዓ.ም. ባለቤቶቹ ሄዱ፤ ስሞቹ ከእኛ ጋር ቀሩ፤ ሐበሻውም ገብቶ ተከራየባቸው።

ከነፃነት በኋላ ያሉት ዓመታት የአከራይ ወርቃማ ዘመን ናቸው። ከተማዋ ሰፋች፤ ተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ሹፌሩ፣ የክፍለ ሀገሩ ባለ ጉዳይ ሁሉ ክፍል ፈለገ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው አንቀጾች መድቦ ነበር፤ በጓሮ ክፍል የሚኖረው ተከራይ ግን ውሉ ቃሉ፣ ምስክሩም ጎረቤቱ ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት ሲጽፍ፣ አንባቢ የሚያስታውሰው ሴቶቹንና መጠጡን ነው። እኔ ክፍሎቹን አስባለሁ። ከባልዋ የሸሸች ሴት በአገር ቤት የምትመለስበት የወላጆችዋ ደጅ ብቻ ነው፤ በአራዳ ግን ኪራይ እስከ ከፈለች ድረስ ከውስጥ የሚቀረቀር በር ነበራት። ኪራዩን በምን እንደ ከፈለች እናውቃለን። የከተማችን የኪራይ ታሪክ ከተጻፈ፣ ከመኳንንቱ ስም ቀጥሎ የእነዚህ ሴቶች ስም መምጣት ነበረበት፤ ግን ደረሰኝ የሰጣቸው የለም።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ይባላል። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም፤ ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘት ለማንም ግለሰብ አይፈቀድም፤ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ከዚያች ቀን ጀምሮ ፈረሰ። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር ያስደንቀኛል፤ በዚህ አዋጅ ውስጥ ከተማዋን ለሁለት የከፈላት አንድ ቁጥር አለ፤ 100 ብር። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ 100 ብርና ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ጥቂት ለሚከፍለው ድሃ ቅናሹ በረታለት። ከዚያም ያ የተቀነሰ ኪራይ በቆመበት ቆመ። ጤፉ፣ ስኳሩ፣ ደመወዙ ሲለዋወጥ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት አልተንቀሳቀሰም። በወር ከ10 ብር በታች የሚከፍሉ ሰዎች በዘመናችን ጭምር ነበሩ።

ይህ አዋጅ ያደረገውን ነገር በአንድ ቃል መጥራት አይቻልም። በአራዳ የዳኛው መበለት፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ያልተሰደደው አርመናዊ አዛውንት በአንድ መንደር ውስጥ እንደ ነበሩ ቀሩ። ማንም በኪራይ ጭማሪ ሊገፋቸው አልቻለም። ልጅ ተወለደ፣ ልጁ አገባ፣ ሙሽራዋም ወደዚያው ክፍል ገባች። የአራዳ ልጅ የምንለው ያ ቋንቋውና ቀልዱ የሚታወቀው ሰው፣ እኔ እንደማስበው፣ የዚህ አለመንቀሳቀስ ልጅ ነው። ቀልድ የሚያድገው ተመሳሳይ ሰዎች በተመሳሳይ አጥር ሥር ለዓመታት ሲቀመጡ ነው።

ሌላም ገጽ አለው። ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይክደነው? ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ በ7 ብር ኪራይ ቆርቆሮ አይገዛም። ነዋሪው ቤቱ የእሱ አይደለም። ስለዚህ ጣሪያው በላስቲክ፣ ላስቲኩ በድንጋይ ተያዘ፤ ድንጋዩም ቋሚ የቤት ዕቃ ሆነ። ከሁሉ የከፋው ግን በአዋጁ ዕለት በከተማዋ ውስጥ ክፍል ያልነበረው ሰው ዕጣ ነው። ቤት መፈለግ የሚባል ነገር ቀርቶ ቤት መጠበቅ ተተካ። አሮጊቷ እስኪያርፉ የሚጠበቅ ክፍል፣ ባለ መብቱ እስኪሰደድ የሚጠበቅ ክፍል። ሌላው ምርጫ ደባልነት ነበር። ደባል በመዝገብ ላይ የለም፤ በቆጥ ላይ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ በማድ ቤት ውስጥ አለ። ሲጠይቁት «የእኅቴ ልጅ ነው» ይባላል። እንግዲህ ጌታን የተካው ኪራይ ሲከለከል፣ ዝምድና እንደ ገና የመግቢያ ፈቃድ ሆነ፤ የሌለውም ዝምድና ተፈጠረ። አዋጁ የገባውን ጠበቀ፤ የሚመጣውን ረሳ። በእኔ ዕይታ የአዋጁ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ ወደ አደባባይ ተመለሰ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ፤ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ይወጣ ጀመር። ዕጣው ማንነት አይጠይቅም፤ በዚህ አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ ዕጣ የደረሰው ሁሉ አልገባበትም። በባንክ መስኮት የተቀመጠ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ዕጣ የወጣለት ሰው የወር ዕዳውን ከደመወዙ መክፈል ሲያቅተው ቤቱን ለሌላ ያከራያል፤ ራሱ ደግሞ ራቅ ባለ ሰፈር ርካሽ ክፍል ይከራያል፤ ከሚቀበለው ላይ ለባንክ፣ ከተረፈው ላይ ለራሱ አከራይ ይከፍላል። በአንድ ማለዳ አከራይም ተከራይም ሆኖ ሁለት ቅጽ ይሞላል። «ምክንያት» በሚለው ረድፍ ላይ በሁለቱም «የቤት ኪራይ» ብሎ ይጽፋል።

እኔም በተራዬ ፈልጌአለሁ። ከምሠራበት ቅርንጫፍ በእግር የሚደረስበት ክፍል ፈልጌ በአራዳ ክፍለ ከተማ ከአንድ ደላላ ጋር ስድስት ቅዳሜ ዞርሁ። በአንዱ ግቢ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት በሩን ገርበብ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ስንት ናችሁ ልጄ?»

«ብቻዬን ነኝ እማማ።»

«እንግዳ አይበዛብህም? ውሃው በሦስት ቀን ነው የሚመጣው።»

«አይበዛብኝም።»

«ስምህ ማን አልከኝ?» ነገርኋቸው። «የአባትህስ?» እሱንም ነገርኋቸው። የአያቴን ስም ሲጠይቁ ግን ውሃው እንዳለቀና ሌላ ነገር እንደ ተጀመረ ገባኝ። የአያት ስም አገር ይናገራል፤ ሃይማኖት ይናገራል፤ በዘመናችን ደግሞ ከዚያ በላይ ይናገራል።

ክፍሉን ሰጡኝ። ስንወጣ ደላላው፣ ከእኔ በፊት በዚያው ሳምንት የመጣ አንድ መምህር እንደ ነበረ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ እንኳ ሊከፍል ተስማምቶ እንደ ነበረ አጫወተኝ። «ልጁ ጨዋ ነው፤ ስሙ ነው ያልጣማቸው» አለኝ፤ ስለ ጫማ ቁጥር እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገረው። እማማ ክፉ ሰው አይደሉም። ስታመም አብሽ አፍልተውልኛል፤ በፋሲካ ያለ እኔ አይቆርሱም። በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት ግቢ ተከራይ ማስገባት ዘመድ የማስገባት ያህል ነው፤ ዘመድን ደግሞ ሰው ይመርጣል ይሉኛል። ምክንያታቸውን እረዳዋለሁ። መምህሩ ያን ሌሊት የት እንዳደረ ግን አላውቅም።

መንግሥትም በየጊዜው በዚህ በር ላይ ይቆማል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ወቅት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከለከለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ አከራይ የተከራዩን ማንነት ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ታዘዘ። ሁለቱ ድንጋጌዎች ሁለት ዓመት እንኳ አይራራቁም፤ አንዱ ተከራዩን ከለላ የሚገባው ሰው አደረገው፣ አንዱ ጥርጣሬ የሚገባው ሰው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለቱም የተረጋጋ ነው። ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ወድጄዋለሁ። አዋጁ ሥራውን የሚጀምረው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሲሆን፣ የአያት ስም የሚጠየቀው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ በገርበብታው በር ላይ።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዙሪያ ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያ ሄደ፤ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ተከተለ። ቤቶቹ የሚያሳዝኑ አልነበሩም ብዬ አልዋሽም፤ ብዙዎቹ ከመቆም ይልቅ የተደገፉ ነበሩ። የተበተነው ግን ምርጊቱ ብቻ አይደለም። በመዝገብ ስሙ ያለ የቀበሌ ቤት ነዋሪ በከተማዋ ዳርቻ ምትክ ቤት ተሰጠው። «የእኅቴ ልጅ ነው» ሲባል የኖረው ደባል ግን ምትክ የሚጠይቅበት ወረቀት አልነበረውም። ጓዙን ይዞ ደላላ ፍለጋ ወጣ፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ያልተጠየቀውን የአያቱን ስም ከየበሩ ተጠየቀ።

በወር መባቻ ወደ መስኮቴ ከሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ከዶሮ ማነቂያ የተነሡ ናቸው፤ አሁን ከወዲያ ማዶ፣ ሁለት ታክሲ በሚፈጅ መንገድ ርቀው ይኖራሉ። ዓይናቸው ስለ ደከመ ቅጹን የምሞላላቸው እኔ ነኝ። ሁለት ቅጽ ነው። በመጀመሪያው ላይ «ምክንያት ምን ልበል?» ስላቸው «የቤት ኪራይ በለው» ይሉኛል፤ ለአዲሱ አከራያቸው ነው። በሁለተኛው ላይ የሚልኩት ገንዘብ ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚላከውም ከእንግዲህ በዚያ ስፍራ ለሌለ ሰፈር የእድር ሂሳብ ነው። እዚያ ላይ ምክንያቱን ሳልጠይቃቸው እጽፋለሁ።